ዝናብ እየዘነበ የደረቀ ልብስ

አምቦ ውስጥ አዴ አስካለችን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዕድሜውን ሙሉ ልብሱን ራሱ ሲያጥብ የኖረ መሆን አለበት። የተወለዱት ጊንጪ አጠገብ ካለ ገጠር ነው። በልጅነታቸው አምቦ መጥተው ሰው ቤት አገለገሉ፤ ኋላ ኦቦ ሌታን አግብተው የራሳቸውን ጎጆ ሲይዙ ልብስ አጠባ ጀመሩ። ኦቦ ሌታ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። አንዲቷ ልጃቸው ለንሳ ገና ፊደል ሳትቆጥር ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት ያቆመው የአዴ አስካለች ክንድ ነው። ጠዋት ሁሉቃ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ በየሰው ግቢ ሳፋ ላይ ጎንበስ ይላሉ። የመምህራን ሸሚዝ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የመዘምራን ልብስ፣ የሐዘንተኛ ጥቁር ቀሚስ በእጃቸው አልፏል። ማን እንደከሳ፣ ማን እንዳረገዘች ከልብሱ ይረዱታል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አይሉም። ሰው የሚወዳቸው በዚህም ነው።

እኔ ሀና እባላለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ለንሳ አድጋ፣ ተምራ አዋላጅ ነርስ ከሆነች በኋላ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይታ ጎረቤት ሆንን። ባሏ ጋሮማ ባኮ እርሻ ምርምር ስለሚሠራ ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድን ነው። ስቱዲዮ ማለት ያው አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ እንግዳ መቀመጫውም እዚያው ነው። መታጠቢያ ቤቷ ደግሞ አንድ ሰው ገብቶባት ሌላ ከተጨመረ አንዳቸው መውጣት አለባቸው።

በ2015 ሐምሌ ላይ ለንሳ መንታ ወለደች። ልጆቹ ጊዜያቸው ሳይደርስ ነው የመጡት። ሴቷ ጣቢታ፣ ወንዱ ለሜሳ ተባሉ፤ ሁለቱም መዳፍ ላይ የሚያርፉ ነበሩ። አዴ አስካለች የራሳቸውን ቤት ዘግተው ልጃቸውን ሊያርሱ መጡ።

የአምቦን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ የተሰጣ ልብስ ነገ ጭራሽ ርሶ ይገኛል። መንታ ሕፃናት ደግሞ ጨርቅ የሚያረጥቡት ያለ ፋታ ነው። ክፍሏ ውስጥ ከመስኮት እስከ በር ገመድ ተወጠረ፤ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በእርጥብ ጨርቅ መካከል ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። ግድግዳው አላበው፤ ጥጋ ጥጉ ሻገተ። ጣቢታ ማሳል ጀመረች። ለንሳ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ስትወስዳት፣ እርጥብ ልብስ ከተሰቀለበት ክፍል እንድታወጣት ተነገራት። የት ታውጣት? ሌላ ክፍል የለም። ጨርቁን ከሰል ላይ ለማድረቅ ሞከሩ፤ ጭሱ ልጆቹን አፈናቸውና ተዉት።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ልጠይቃቸው ስገባ አዴ አስካለች በአንድ ጊዜ የወፈሩ መሰለኝ። ለንሳ ከልጆቹ ጋር ተኝታለች። እሳቸው ሻርባቸውን ሲያስተካክሉ ቀሚሳቸው ከፍ አለና አየሁ፤ ሆዳቸውና ጀርባቸው ላይ የልጆቹን እርጥብ ጨርቅ ደራርበው ጠምጥመዋል። በገላቸው ሙቀት እያደረቁት ነው። ሲተኙም እንደዚያው ይተኙ ነበር። ደነገጥኩ፤ ብርዱ እንደሚጎዳቸው ነገርኳቸው።

«ይኼ ገላ አሁን ሌላ ምን ሥራ አለው?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለለንሳ እንዳትነግሪብኝ።»

አልነገርኩም። ግን ብርዱ እሳቸውንም ያዛቸውና ለንሳ ልታሻቸው ልብሳቸውን ስትገልጥ ራሷ አየችው። እያለቀሰች ባኮ ለጋሮማ ደወለች።

እንደ አጋጣሚ ሆኖ ከጋሮማ ጋር የሚሠራ አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ የቤት ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ከዕቃዎቹ መካከል በአንድ ሆዱ የሚያጥብም የሚያደርቅም ማሽን ነበረበት። ጋሮማ ማጠቢያውን ለብቻ፣ ማድረቂያውን ለብቻ ቢገዛ የሚያስቀምጥበት ቦታ እንደሌለው ያውቃል፤ ይኼኛው ግን የአንድ ወንበር ቦታ ነው የሚይዘው። ገዛው፤ ማሽኑም በቆሎ በጫነ መኪና ላይ በሸራ ተሸፍኖ አምቦ ገባ። ወዛደሮች እየተቀባበሉ ሦስተኛ ፎቅ አወጡት። ታደሰ የሚባል የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን ወፈር ያለ ሽቦ ዘረጋለት፤ የውሃ ጎማውንም ከማብሰያው ቧንቧ ጋር አገናኘው።

አዴ አስካለች ደስ አላላቸውም። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ውስጡን በመዳፋቸው ዳበሱት። ልብስ የሚታጠበው በእጅ እንደሆነ፣ ይኼ ደግሞ እጅ እንደሌለው ተናገሩ። ለንሳ ጨርቆቹን ከትታ፣ ዱቄት ሳሙና ጨምራ በሩን ስትዘጋው እሳቸው ዱካ ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሳፋ አጠገባቸው አድርገዋል፤ አጥቦ ሲጨርስ ተቀብለው ሊያለቀልቁ ነው።

ማሽኑ ውሃ ቀዳ። ልብሱን ወደ ቀኝ አሸ፣ ቆም አለ፣ ወደ ግራ አሸ። አዴ አስካለች እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ሳያውቁት አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ቆሻሻውን ውሃ ደፍቶ ንጹሕ ሲቀዳ ወደ ማሽኑ በር መስተዋት ተጠጉ። እንደገና ሲደፋና ሲቀዳ፣ «ያለቀልቃል» አሉ ለራሳቸው። ሲጨምቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ለሜሳ ነቅቶ አለቀሰ፤ እሳቸው ግን ዞር አላሉም። ከዚያ ድምፁ ተለወጠና መስተዋቱ መሞቅ ጀመረ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ ጎርፉ ከደረጃው ሥር ይጮኻል። ብዙ ቆየ። ቡና ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ ምሳ ተበላ፤ እሳቸው ከዱካው አልተነሡም።

በመጨረሻ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ለንሳ እናቷ እንዲያወጡት ተወችላቸው። አንዷን ጨርቅ ሳብ አድርገው ያዟት፤ እጃቸው ላይ ቆዩባት፤ ቀጥሎ ጉንጫቸው ላይ አደረጓት። በመስኮት ዝናቡን አዩ፤ መልሰው ጨርቋን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ፀሐይዋን ከየት አገኛት?» አሉ።

ማናችንም አልሳቅንም። ጨርቋን እንደሞቀች ጣቢታን ጠቀለሉባት። ልጅቷ እግሯን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ክፍሏ ውስጥ ገመዱ ወረደ። ግድግዳው እየደረቀ ሄደ፤ ነሐሴ ሳያልቅ የጣቢታ ሳል ለቀቃት። አዴ አስካለች ግን መደነቃቸው አልበረደም። ሰው እሳት ሲነድ እያየ እንደሚቆየው፣ ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር ልጅ ታቅፈው ፊቱ ይቀመጡ ነበር። ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሞቀ ጨርቅ በእጁ ሳይዝ አይወጣም። ወንዝ ወርደውም ለአጣቢ ጓደኞቻቸው አወሩ። አንዳንዶቹ ውሸት መሰላቸው፤ አንደኛዋ ግን፣ ይኼ ነገር በየቤቱ ከገባ እኛ ምን ልንበላ ነው ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸው መንታዎቹን ለማሳደግ ሥራውን ሲተዉ ደንበኞቻቸውን ለእሷ አስተላለፉላት።

ማሽኑ ታዲያ ጣጣ አልባ አልነበረም። ሆዱን ሞልተው የከተቱት ልብስ ታጥቦ ንጹሕ ይወጣል፤ ሲደርቅ ግን ይበዛበትና ግማሹ እንደራሰ፣ ሌላው ተጨማዶ ይወጣል። ከታጠበው ግማሹን አውጥቶ ቀሪውን ብቻ ማድረቅ እንደሚገባ የገባቸው ቆይቶ ነው። ምድጃውና እሱ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወጥ በሚሠራበት ሰዓት ልብስ አይታጠብም። ውሃ በጠፋ ቀን በጀሪካን ያለው አይረዳውም፤ ለማድረቅም ጭምር ከቧንቧ ውሃ ይፈልጋል። አንድ ቀን የልጆቹ ጨርቅ በሙሉ ውስጡ እንዳለ መብራት ሄደ። በሩ እንደተቆለፈ ቀረ፤ ጨርቁ በውሃው ውስጥ ከመስተዋቱ ወዲያ ይታያል፤ ማውጣት ግን አልተቻለም። ከእኔ ቤት ያረጀ አንሶላ አምጥተን ቀደን መንታዎቹን ጠቀለልን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለንሳ ሳታይ የእናቷን ጥለት ያለው ነጠላ ከሌላ ልብስ ጋር ከተተችው። ሙቀቱ አኮማተረውና የልጅ ነጠላ ሆኖ ወጣ። ለንሳ በድንጋጤ ክው አለች። አዴ አስካለች ነጠላውን ዘርግተው አይተው ለጣቢታ አለበሷት።

ጥቅምት ላይ ደግሞ የማድረቂያው ክፍል መሞቁን አቆመ። ዘገየ የሚባል ጠጋኝ ፈትቶ ሲያየው ከጨርቁ የሚረግፈው ብናኝ መተላለፊያውን ደፍኖታል፤ የሚቀየር ዕቃም ስለነበረው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ ተፈታትቶ ተቀመጠ። ማጠቢያውም አብሮ ቆመ። ደግነቱ በጋ ገብቶ ነበርና አዴ አስካለች ሳፋቸውን አውጥተው ሰገነቱ ላይ አጠቡ።

እኔም እንዲህ ያለውን ማሽን ልግዛ ወይ እያልኩ በማስብበት ጊዜ አማከርኳቸው። ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦

«ቤትሽ ጠባብ ሆኖ ክረምቱ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ፣ ጨቅላ ወይም በሽተኛ ካለብሽ፣ ግዢው። ቦታ ቢኖርሽ ግን ሁለቱን ለየብቻ ብትይዢ ይሻል ነበር። ይኼ እንደ እኔ ብቻውን የሚሠራ ነው፤ እያደረቀ ሌላ አያጥብልሽም፤ ሲታመም ሁለቱም ሥራ ይተኛል። ጋቢና ብርድ ልብስ አትስጪው፣ ያንቀዋል። መብራትና ውሃ ባለበት ቀን በጠዋት ከፍተሽው ወደ ጉዳይሽ ሂጂ። እኔ በአንድ ጥዋት የምጨርሰውን እሱ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። ታዲያ እሱ ሲሠራ እኔ ልጅ ታቅፌ ነው የምውለው።»

ብቻዬን የምኖር ስለሆንኩ አልገዛሁም። ክረምት ላይ አንሶላዬን ለንሳ ቤት እወስዳለሁ።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። መንታዎቹ ከመወለዳቸው በፊት አዴ አስካለች የዲጂታል መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው ነበር። አሻራ የምትወስደዋ ወጣት ምኞት ትባላለች። ጣታቸውን የአሻራ ማንሻው መስተዋት ላይ ብታስቀምጠው፣ ብትጠርገው፣ በእርጥብ ጨርቅ ብታሽላቸው ምንም አልወጣም። አሥሩም ጣት ልስልስ ያለ ድንጋይ ሆኗል፤ ሳሙናና የወንዝ ውሃ መስመሩን ጠርጎ ወስዶታል። ምኞት በትሕትና፣ ያለ አሻራም መመዝገብ እንደሚቻል አስረዳቻቸው። እሳቸው ግን እጅ እያላቸው እንደሌለው ሰው እንደማይመዘገቡ ተናግረው ወጡ። ይህን ለለንሳም አልነገሯትም፤ የሰማሁት እኔም በኋላ ነው።

ልጆቹ መራመድ ከጀመሩ በኋላ፣ አንድ ቀን የለሜሳን ጥፍር እየቆረጡ ድንገት ቆም አሉ። ከወንዝና ከሳፋ ከራቀ ወራት ያለፉትን የራሳቸውን አውራ ጣት ወደ ብርሃን አቀረቡ። ሻርባቸውን ለበሱና የእኔን በር አንኳኩተው አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። የት እንደምንሄድ የነገሩኝ ባጃጅ ውስጥ ነው።

ምኞት አልረሳቻቸውም። ተነሥታ ተቀበለቻቸውና አውራ ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አስቀመጠች። ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር መጣ። ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያለ መስመር ወጣ፤ ሌላ መስመር፤ ሌላም፤ በመካከላቸው ክብ፣ ውኃ ላይ ጠጠር ሲወረወር እንደሚሠራው ዓይነት። ምኞት እንዲያዩት ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው።

አዴ አስካለች መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእርስዎ ነው ብትላቸው ጣታቸውን አነሡና አዩት፤ መልሰው ኮምፒውተሩን አዩ። ያን የሚያህል ዕድሜ ኖረው የገዛ ጣታቸውን መልክ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ጣታቸውን ወደ መስመሮቹ አስጠግተው ሳይነኩ ዙሪያቸውን ተከተሉት።

«እዚህ ነበር እንዴ?» አሉ። «እኔ ሁሉቃ የወሰደው መስሎኝ።»

ሁሉም ጣቶች አልወጡም፤ ሁለቱ እንደተላጡ ናቸው። ምኞት ግን የወጡት በቂ እንደሆኑ ነገረቻቸው። ስንወጣ ሰልፈኛው ሁሉ ያያቸው ነበር፤ እሳቸው ማንንም አላዩም።

ለንሳ ከሥራ ስትመለስ ወሬውን የነገርኳት እኔ ነኝ። እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እጃቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነርስ ቁስል እንደምታይ ሳይሆን ልጅ የእናቷን እጅ እንደምታይ፣ ጣት በጣት አየችው። በኦሮምኛ «ሃርሜ»፣ እናቴ፣ ብላ ጠራቻቸው። ጣቢታ መጥታ ምን እንደሚያዩ ልታይ መካከላቸው ገባች። አዴ አስካለች የልጅቷን ትንሽ አውራ ጣት ያዙና ከራሳቸው ጎን አስቀመጡት። መስመሩን ለማየት ሦስቱም ራሳቸውን ገጥመው ጎንበስ አሉ።