የአባቴ የዓሣ ዘይት

ዛሬ ፒያሳ፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ።

የገባሁት ጉልበቴ ዳገት አልችል ብሎኝ ነው። ፋርማሲስቷ የዓሣ ዘይት ክኒን አውጥታ «በቀን አንድ አንድ ይውሰዱ፣ እናቴ» አለችኝ። («እናቴ» መባሉ ራሱ ያስለቅሳል፤ እሱን ግን ቻልኩት።)

በደርግ ጊዜ ለአባቴ የገዛሁላቸው ይኸው ክኒን ነበር። ከሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ አጠገቡ ያለው ፒያሳ እስኪደርሱ ሦስት ቦታ ተቀምጠው ያርፉ ነበር። ወንድሜ ጌታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ወዲህማ ጭራሽ እግራቸው ከዳቸው።

በየቀኑ «አባባ፣ ዋጡት?» እላቸዋለሁ።

«ጾም ነው ልጄ፣ ዓሣ እኮ ነው።»

ዐቢይ ጾም ስለነበር አመንኩ። ፋሲካ አለፈ። ረቡዕና ዓርብ እንኳን በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳም ያው «ጾም ነው» አሉኝ። ስለት ይኖርባቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ሞኟ!

ክረምት ሲገባ አረፉ። አልጋቸውን ስናነሳ ብልቃጡ ከፍራሹ ሥር ተገኘ። አንድም ክኒን አልጎደለም። በወረቀት ጠቅልለውት፣ ላዩ ላይ በራሳቸው እጅ እንዲህ ብለው ጽፈውበታል፦

«ጌታቸው ሲመጣ ይሰጠው። በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ይደክመዋል።»

ጌታቸው አልመጣም።

የዛሬውን ብልቃጥ እስካሁን አልከፈትኩትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው።

እናንተስ ቤት፣ ለሚመጣ ሰው ተብሎ ሳይነካ የቀረ ነገር አለ? እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ ብቻዬን ከበደኝ።