የሀሚዳ ኩላሊት

በከር የእኅቱን ኩላሊት ተሸክሞ የሚኖር ሰው ነው። የራሱ ሁለቱም ሥራ ሲያቆሙ ታላቅ እኅቱ ሀሚዳ፣ «የኔ አለ አይደል እንዴ?» ብላ ሆስፒታል ገብታ ተኛችለት። ከዚያም ጋሪ ነጂነቱን አስትታ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቷ አስገባችው፤ ከፍርድ ቤቱ ማዶም ፎቶ ኮፒ ማንሳት ጀመረ። ሰፈርተኛው «እኅት ማለት እንደ ሀሚዳ!» ይላል። በከርም ይላል፤ አፉማ መቼ ሰነፈ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ዶክተር ዕፀገነት ሁለቱንም አስቀምጣ መክራቸው ነበር። ሰውነቱ ባዕዱን ኩላሊት እንዳይጥለው በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት በሽታ የሚከላከሉለትን የሰውነቱን ዘበኞች ያደክማቸዋል፤ ስለዚህ አቧራ፣ በረት፣ ጋጣ የሚባል ነገር አጠገብ ድርሽ እንዳይል።

«ፈረስ ተረሳ በለኝ» አለችው ሀሚዳ መንገድ ላይ።

«ወላሂ ተረሳ፣ እትዬ።»

ውሸቱን ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘመድ ልጠይቅ እያለ ታክሲ ይይዝና ዓለም ገና ከች ይላል። ጋሪውን ትስብለት የነበረችውን ባዝራ የሸጠው እዚያ ላለው የጋሪ ጓደኛው ለሙከሚል ነበር። እሷ ስትወልድማ ጭራሽ ባሰበት። ጋጣው ውስጥ ደረቅ ፋንድያ ላይ ተቀምጦ ውርንጭላዋን ሲያሻሻት ይውላል። እንደ ሰው የሚቆጥረው ፈረስ ብቻ ይመስለው ነበር፤ ሌላው ሁሉ «አይዞህ፣ ተሻለህ?» ነው የሚለው።

ውርንጭላዋ አንድ ሰሞን ሳል ያዛት። ጎኗ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ ከረመችና ራሷን ጭኑ ላይ ጥላ ሞተች። በከር አለቀሰላት። ማታ ሀሚዳ ዓይኑን አይታ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው «አቧራ ገብቶበት ነው» አላት።

ብዙም ሳይቆይ ሳሉ ወደ እሱ ዞረ። ትኩሳት፣ ላብ፣ ክሳት ተከታተሉ። ሳንባው በራጅ ሲታይ ቆስሏል። ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒቱ ተጀመረለት፤ በሽታው ግን ወይ ፍንክች! ሀሚዳ የሚጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ሳትለይበት አስታመመችው። በከር የራሱን ሳል በሰማ ቁጥር የውርንጭላዋ ሳል ትዝ ይለውና ይዘገንነዋል። ሆኖም ዝም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማ ያላደገ ይመስል! በሱ የተነሳ ሆዷን ለተቀደደች ሴት «ቃሌን በላሁ» ብሎ መናገር ከሞት ባሰበት።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ሁለቱንም አስጠራች።

«መድኃኒቱን እንዲህ ከናቀ ቲቢ አይመስለኝም» አለች። «በከር፣ እንስሳ ትነካለህ? ከብት? ፈረስ?»

ሀሚዳ ቀደመችው። «ኧረ ዶክተር! ቃል ገብቶልኛል እኮ!»

«አልነካም» አለ በከር። ጆሮው ጋለ።

«እንግዲያው ምክንያቱን እስክናገኝ፣ ዘበኞቹ እንዲያንሰራሩ የኩላሊቱን መድኃኒት መቀነሳችን ነው። ያኔ ደግሞ ኩላሊቱን ልናጣው እንችላለን።»

ሀሚዳ የሻርፗን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይስቁብኝ። ልጅ ሆኜ ወባ በጣም ታምሜ ነበር። የሰጠሁት ኩላሊት ይሆን እንዴ የመረዘው? ይህንን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም። እሱ ከሆነ አውጡለትና የቀረኝን ስጡት።»

በከር ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እሱ ጋጣ ለጋጣ ሲዞር፣ እሷ ራሷን ስትከስ ከርማለች!

«ነክቻለሁ» አለ። «ፈረስ ነክቻለሁ።» ባዝራዋን፣ ፋንድያውን፣ የውርንጭላዋን አሟሟት ሁሉንም ዘረገፈው።

ዶክተር ዕፀገነት ብዕሯን አስቀመጠች። «የፈረስ ፋንድያ ባለበት አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አለ። የውርንጭላ ሳንባ ይበላል። ጤነኛ ሰው አቧራውን ቢስበው ዘበኞቹ ብዙውን ጊዜ ውጠው ይገድሉታል፤ ጓደኛህ ምንም ያልሆነው ለዚህ ይሆናል። ያንተ የደከሙት ዘበኞች ግን ይውጡታል እንጂ አይገድሉትም፤ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ ይራባል። በማይክሮስኮፕም ቲቢ ሊመስል ይችላል። አሁን ላብራቶሪው ምን እንደሚፈልግ እነግራቸዋለሁ። እሱ ከሆነ የራሱ መድኃኒት አለው። ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ…» አለችና ተወችው።

በከር የእኅቱን ቁጣ ጠበቀ። ብትሰድበው፣ በጥፊ ብትለው ቀለል ይለው ነበር።

ሀሚዳ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቷን ዳበሰች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «የኔ ኩላሊት አይደለማ!»

በከር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።