ስሙ የማይጠራ ውሻ

እትዬ የሺአረግ ባሏ አለበል ሲሞትባት በ1970 ዓ.ም. ወደ እኛ ሰፈር ተዛውራ ገባች። ከእኔ ግቢ የሚለያት አንድ የሸምበቆ አጥር ነው። አለበል የጎርጎራ መርከብ ላይ ሠራተኛ ነበር ይባላል፤ እኔ አላውቀውም፤ ወባ ነው የገደለው። ልጅ አልነበራቸውም። የቀራት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር ክፍል ሥራዋ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ደግሞም አለበል በቡችላነቱ ከጎርጎራ በመርከብ ያመጣው ቡናማ ውሻ ነው። ከዚያች ቤት ውጭ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓይኗ እምቢ አላት። ክሩ ተበጥሶ እሷ ቆማ ታየዋለች፣ ግን አታየውም። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ይገፈፍልሽ ብሎ ለታኅሣሥ አሥር ቀጠሮ አስያዘላት። ያ ቀን ካለፈ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ዓመት ሙሉ ክር ሳታይ ክር ክፍል የሚያቆያት የለም።

ታዲያ ሄዶ፣ ታክሞ፣ አገግሞ ለመመለስ አንድ ወር ይፈጃል። ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። በቀበሌያችን ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግቶ የተገኘ ቤት ይታሸግና ቤት ለሌለው ይሰጣል። ይህን መመሪያ በስብሰባ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ የሚያድርላት፣ ውሻዋን የሚያበላላት ሰው መምረጥ ነበረባት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ማንንም ለምና አታውቅም።

የእኔን ነገር ላሳጥረው። አንዳርጋቸው እባላለሁ። የሸዋ ሰው ነኝ፤ ባሕር ዳር የመጣሁት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ነው። እጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። በ1971 ቀበሌያችን ጸሐፊ ሲፈልግ አንድ ሰው ተነሥቶ «አንዳርጋቸው ቆንጆ ይጽፋል» አለ፤ እጅ ወጣ፤ ተመረጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ውይይት፣ ረቡዕ ኮሚቴ፣ ዓርብ ጥናት፣ እሑድ ጠዋት የልማት ሥራ። ሊቀመንበራችን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ጓዴ፣ ና!» ይለኛል፤ ለምን እንደፈለገኝ ሳላውቅ «አቤት!» ይላል አፌ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ እንኳ እላለሁ መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ቢነገርም ቃለ ጉባኤ ላይ የሚያሰፍረው እኔው ነኝ።

እትዬ የሺአረግ ስትመጣ ሰሞን አንተ ነበር የምትለኝ። «አንተ አንዳርጋቸው፣ ልብስህ ዘነበበት!» ትለኝ ነበር በአጥሩ ላይ። በተመረጥኩ በዓመቱ እርስዎ ማለት ጀመረች። አክብሮት መሰለኝ፣ ደስም አለኝ።

መጀመሪያ የጠራችው የአክስቷን ልጅ ሰገነትን ነው፤ መሸንቲ እህል ትነግዳለች። ለሙከራ አንድ ቅዳሜ መጥታ ዋለች። እኔ በአጥሩ ወዲህ ልብስ አጥባለሁ፤ የሰገነት ድምፅ ደግሞ አጥር አይገድበውም።

«ማን ብየ ልጥራው?»

«ስም የለውም» አለች እትዬ የሺአረግ።

«ስም የሌለው ውሻ ደግሞ የት አየሽ? ከጧት ጀምሮ ለመንሁት፣ እፊቱ አስቀመጥሁለት፣ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም! ዝም ብሎ ያየኛል እኮ!»

«ከእጄ ለምዶ ነው።»

እውነት ነው፣ ውሻው ከእሷ በቀር ማንም ቢያቀርብለት አይበላም። እሷ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ ጎንበስ ትልና አፏን ጆሮው ላይ ታደርጋለች፣ ያን ጊዜ ተነሥቶ ይበላል። የምትስመው ይመስለኝ ነበር። ልጅ የሌላት ሴት ውሻዋን ብትስም ምን ይደንቃል ብዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ሰገነት አልሆነችም። ክፋት የለባትም፣ ግን ቅዳሜ የሰማችውን እሑድ ሳይመሽ መሸንቲ ገበያ በሙሉ ያውቀዋል። እትዬ የሺአረግ ምሳ አብልታ፣ አመስግና ሸኘቻት።

ቀጥሎ እኔ ነኝ ብዬ ጠበቅሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ቤቴ አጥር ለአጥር፤ ሰው ጠፋ ቢባል ከእኔ የቀረበ ማን አለ? ሳምንት ሙሉ ዝም ስትል ጊዜ ራሴ ጀመርኩት።

«እትዬ የሺ፣ እኔ አለሁልሽ አይደል? እዚያው አድርልሻለሁ። ውሻውንም አይቼ አበላልሻለሁ።»

መሬት መሬት አየች። «እርስዎን ማስቸገር አልፈልግም፣ ጓድ አንዳርጋቸው። ስብሰባ ይበዛብዎታል።»

«ስብሰባው ቤትሽን አያቃጥለውም እኮ!»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች።

ታኅሣሥ ሲብት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጣች፤ የቤት ጠባቂውን ስም ማስመዝገብ ግድ ነው። እኔ ብዕሬን አነሣሁ። ልቤ አሁንም የእኔን ስም የምትጠራ እየመሰለው ነበር።

«አባ ወልደ ሐዋርያት» አለች።

የነፍስ አባቷ ናቸው። የዘጌ መነኩሴ ሲሆኑ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከገዳም ወጥተው ከተማ የሰነበቱ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ። ውሻ ልብሳቸውን ከነካው የዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገቡም።

«እትዬ የሺ፣ ውሻ የማይነኩ ሰው ውሻ ይጠብቃሉ?»

«እሳቸው ይበቁኛል።»

ጻፍኩት። «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ «መነኩሴ» ብዬ አሰፈርኩ፤ ጽሑፉም አምሯል። ተናድጄ ነበር። የአራት ዓመት ጎረቤት ትቶ መስማት የተሳናቸው መነኩሴ! ለምን እንደሆነ ስቆጥር ስዘረዝር ከረምኩ፤ ምናልባት ንብረቷን የምሰርቃት መስሏት ይሆናል አልኩ።

አውቶቡሷ በወጣ ቀን ውሻው በሩ ላይ ተኛ። የመርከቡ ጡሩምባ ከባሕሩ በኩል ሲሰማ ብቻ ጆሮውን ያነሣል፣ መልሶ ይጥለዋል። አባ የዓሣ ጭንቅላትና ፍርፋሪ የተሞላውን ሳህን በመቋሚያቸው እየገፉ፣ አምስት እርምጃ ራቅ ብለው ያቀርቡለታል። አይበላም። ሁለተኛውም ቀን አልበላም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ «እሳቸው ይበቁኛል፣ አላለችም?» እል ነበር በሆዴ። በሦስተኛው ቀን ግን የውሻው ጎን ገብቶ አጥንቱ ሲቆጠር አየሁና አፈርኩ። እሷ ተመልሳ የምታገኘው ባዶ ግቢ ሊሆን ነው።

እሑድ ነበር። ከልማት ሥራ ተመልሼ፣ አካፋዬን ጥዬ፣ ሎሚው ሥር ፊቴን እየታጠብኩ ነው። ከአጥሩ ወዲያ አንድ የመነኩሴ ድምፅ፣ በቅዳሴ ጊዜ ከበር እስከ መቅደስ የሚሰማ ድምፅ፣ ጮኸ።

«ጓዴ! ና! ጓዴ!»

«አቤት!» አልኩ።

ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ሳለ ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ስደርስ ውሻውም ሳህኑ ጋ ደርሷል፤ ጭንቅላቱን ቀብሮ ይበላል። አባ ወልደ ሐዋርያት መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ቆሙ አንዴ ውሻውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንተን አይደለም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ።

እዚህ አገር ለውሻ የሚወጣ ስም ብዙ ጊዜ ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። በ1972 ቢያዝን የሚባል ግንበኛ ውሻውን «ምን ቀረ» ብሎ ሲጠራ ተሰማ። ምን ማለትህ ነው፣ ማን ምን ወሰደብህ ተባለና ሦስት ቀን ታሰረ፤ ውሻውም እንዲወገድ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ይወገድ» የምትለዋን ቃል በሚያምር እጄ አሳምሬ ጽፌያታለሁ። ከዚያ ረስቼዋለሁ። እትዬ የሺ እርስዎ ማለት የጀመረችው በዚያው ሰሞን እንደሆነ አሁን፣ ሳሙናው ዓይኔን እያቃጠለኝ ትዝ አለኝ።

«በጆሮው ሹክ ይበሉለት ብላኝ ነበር» አሉ አባ። «እንዴት ብየ ጆሮው ዘንድ እደርሳለሁ? ዛሬ ሠርክ ኪዳን አለብኝ። ከዚሁ ቆሜ ሹክ አልሁት።»

«ይኼ ሹክታ ነው አባ?»

«ምን?»

«ይኼ ሹክታ ነው ወይ!»

«ጮኽሁ እንዴ?» አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቀጥለው ቀስ ብለው፣ ማለት ለእኔ ብቻ በሚበቃ ድምፅ፣ «አለበል በመርከብ ሲያመጣው የመንገድ ጓዴ ነው ብሎ ያወጣለት ነው። ያኔ እናንተ ጓዶቹ ገና አልመጣችሁም ነበር። በሌላ ስም ጠራችው፣ እምቢ አላት። ታዲያ ምን ታድርግ?» አሉ።

ሳሙናውን ከዓይኔ ጠረግሁ።

«ትጽፈዋለህ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰው የሚለኝ ጻፍ ነው።

«አልጽፈውም አባ። ግን ለምን ለእኔ አልነገረችኝም? አጥር ለአጥር ነን!»

አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ይኸን በንስሐ አልነገረችኝም፣ በሩ ላይ ቆማ ነው ያለችኝ፤ ስለዚህ ብነግርህ ኃጢአት አይሆንብኝም። አንዳርጋቸው ክፉ ሰው አይደለም፣ ያዘዙትን ይጽፋል እንጂ አለች።»

ሌባ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ለሌባ ቢያንስ እከራከራለሁ።

ደግነቱ ሰፈሩ ገና ከልማት አልተመለሰም፤ ከእኔ በቀር የሰማ አልነበረም። አባን ከእንግዲህ እንዳይጠሩት ለመንኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እገባለሁ። አባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ ተንበርክኬ አፌን ጆሮው ላይ አደርግና «ጓዴ» እላለሁ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ የምሰማው፣ ቀኑን ሙሉ የምለው ቃል ነው፤ ለሰው ስለው ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለውሻው ስለው ደስ አለኝ። ከበላ በኋላ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ይጥላል፤ እኔም ረቡዕ መሆኑን እያወቅሁ ትንሽ እቆያለሁ። ሁለት ጊዜ ስብሰባ አረፈድኩ። ሆዴን ቆረጠኝ አልኩ።

ጥር አጋማሽ ላይ እትዬ የሺአረግ መጣች። ሻንጣዋን ከአውቶቡስ ተራ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ወፍራም መነጽር አድርጋ፣ መንገዱን፣ ዘንባባውን፣ የእኔን ፊት ሳይቀር እንደ አዲስ እያየች ትሄዳለች። «እንዲህ ሸብተዋል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅኩ።

በሩ ሲከፈት ውሻው እላይዋ ላይ ወጣ፤ ሊጥላት ምንም አልቀረው። አለቀሰች፣ መነጽሯ ደበዘዘባት። ከዚያ ያ ሞኝ እንስሳ እሷን ትቶ ወደ እኔ መጣና ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አሻሸው።

መነጽሯን ጠርጋ አየችን። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለመደዎት» አለች።

«አጥር ለአጥር ስለሆንን ነው እትዬ የሺ።»

ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ እኔን አየች፣ ዘጋችው። በከንፈሯ ብቻ ጮጭ አደረገችለት። ውሻው ዞር ብሎ አያት እንጂ አልሄደም።

አውቄዋለሁ እኮ፣ አትፍሪ ልላት ነበር። አባ ከጓዳ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ቀና ብለው አዩኝ፤ እሳቸውም እንደዚያ የምል መስሏቸዋል። ግን እንደማውቅ ካወቀች ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አይኖራትም። ደግሞስ ነገ ሊቀመንበሩ «ጓዴ፣ ብዕርህን ይዘህ ና» ቢለኝ ምን እንደማደርግ እርግጠኛ ነኝ? አልጽፈውም ያልኩት ለአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው። ለራሴ ገና አልነገርኩትም።

«በሉ እንግዲህ፣ እንኳን በደህና መጣሽ» ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ገባሁና በሬን እንድትሰማው አድርጌ፣ በኃይል ዘጋሁት። መቀርቀሪያውንም እንዲንኳኳ አድርጌ ወረወርኩት። ከዚያ እዚያው ቆምኩ።

 ከአጥሩ ወዲያ በጣም ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ጓዴ… ና ጓዴ።»

አቤት አላልኩም።