ያልተለኮሰችው ምድጃ

ጂራታ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪና የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሥራው ቅጂን ከዋናው ጋር አገናዝቦ ማኅተም ማሳረፍ ሲሆን፣ አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ባለጉዳዩን ይመልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውት ብስክሌት የሚነዱት ሌንሳና ፍሬምናጦስም ለወንጪ ጉዟቸው ማብሰያ የመምረጡን ኃላፊነት የተዉለት ይህን ጥንቃቄውን አምነው ነበር።

በመጀመሪያ ያመራው ተክለ ሃይማኖት፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሙከሚል ዘንድ ነው። ሙከሚል በእጁ የሠራትን ትንሽ የነጭ ጋዝ ምድጃ አውጥቶ ደጅ ላይ፣ ነፋስ መሀል ለኮሰለት። ነጭ ጋዝ በየከተማው እንደማይጠፋ፣ ምድጃዋ ብትበላሽ እንኳ መንገድ ላይ በሽቦ እንደምትጠገን አስረዳው። የትኛውንም ቢገዛ ግን ከመነሳቱ በፊት ውኃ አፍልቶባት እንዲያይ መከረው።

ጂራታ ምክሩ ልክ መሆኑ ገብቶታል። ሆኖም ምድጃዋ ብየዳዋ ያገጠጠ፣ ጥላሸት የነካት ነበረች፤ ፍሬምናጦስ እንዴት እንደሚያላግጥበት ከወዲሁ ታየውና አመስግኖ ወጣ። በማግስቱ ከውጭ የመጣች፣ ተጣጥፋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የጋዝ ምድጃ ገዛ፤ በቆርቆሮ የታሸገውን ጋዝ ደግሞ ከሌላ ሱቅ። ሁለቱን ገጣጥሞ አላያቸውም። ሌንሳ ስትጠይቀው ግን ሦስት ጊዜ ውኃ እንዳፈላባት ነገራት። ማንም አላስገደደውም፤ መታመንን ስለለመደ ብቻ ዋሸ። እሷም ቃሉን ይዛ የራሷን አሮጌ ምድጃ ከጓዟ አውጥታ ቤት ተወች።

ወንጪ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ብርቱ ዝናብ አገኛቸው። ሌንሳ ልብሷ ርሶ በብርድ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትኩስ ነገር ያስፈልጋት ነበር። ጂራታ ድንኳኑ ውስጥ ተንበርክኮ አዲሷን ምድጃ ከጋዙ ጋር ሊያገጣጥም ሞከረ። የምድጃዋ አፍ በመጠምዘዝ የሚገጠም ነው፤ የጋዙ ቆርቆሮ አፍ ግን ጥርስ የሌለው ለስላሳ ነበር። ደጋግሞ ጠመዘዘ። እንደማይገጥም የገባው በመጀመሪያው ነው፤ የቀረውን የጠመዘዘው ቀና ማለት ፈርቶ ነበር።

«የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ፣ ይቺ ደግሞ ከዋናው ጋር አልተገናዘበችም እንዴ?» አለ ፍሬምናጦስ እየሳቀ። ፊቱን ሲያየው ሳቁን አቆመ።

«ሞክሬያታለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች ሌንሳ።

«አልሞከርኳትም።»

«አንዴም?»

«አንዴም።»

ጂራታ ሌንሳን ደግፎ በጭቃው ወርዶ አንድ የገበሬ ቤት አንኳኳ። የቤቱ እመቤት ከየት እንደመጡ እንኳ ሳትጠይቅ ሌንሳን እሳት ዳር አስቀምጣ ትኩስ ወተት ሰጠቻት። ለእርሱም ቀዳችለት፤ እጁን ዘርግቶ መቀበል አቃተው። ሌንሳ የሞቀችው በማታውቃት ሴት ደግነት እንጂ ባመነችው ሰው ጥንቃቄ አልነበረም። ጂራታ በሱቁም በዝናቡም አላመካኘም፤ የሚነገርለት ይህ ብቻ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሌላ ጉዞ አቀዱ። ያለፈውን ማንም አላነሳም። ድንኳኑ ለፍሬምናጦስ፣ ማብሰያውና መድኃኒቱ ለሌንሳ ደረሰ። ጂራታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእርሱ ድርሻ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

«አንተ ብስክሌትህን ይዘህ ና፤ ይበቃል» አለችው ሌንሳ፣ ያለ አንዳች ቁጣ።

ብትቆጣው ኖሮ ይሻለው ነበር።