የታሰረው ዘንግ

እትዬ ደህናን ያላወቀ የልብስ ማጠቢያ ቤታችንን አላወቀም። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚጠራ የለም። ሥራ እንዴት ነው ሲሏት መልሷ ምንጊዜም «ደህና ነው» ስለሆነ ስሟ በዚያው ቀረ። ቧንቧው ቢያፈስ ደህና፣ ጣቷን እንፋሎት ቢልጣት ደህና።

በእሷ ብቻ አትፍረዱ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። አለቃችን «እዚህ ቤተሰብ ነን፣ በግልጽ እንነጋገር፣ ማንም አይጠየቅም» ይላል። አንድ ጊዜ አንዱ ሞኝ አምኖት የቦይለሩ ክፍል ሙቀት ሰው ይገድላል አለ። «ጎበዝ! ካወቅኸው አንተው ተከታተለው» ተባለና ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ይቀቀላል። ቀድሞ የበቀለን ወፍ ይበላዋል፣ ቀድሞ የተናገረን ሰው ይጠላዋል። እኛም ሰኞን ጫማችንን እያየን ማሳለፍ ለመድን።

አንሶላ የሚተኩሰው ትልቁ ማሽን ፊት ለፊት ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። እጅ ሲነካው አንሶላውን ስቦ የሚተኩሰው የጋለ ተሽከርካሪ ብረት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችግሩ፣ አንሶላም ሲነካው ይቆማል። አንድ ቀን ሥራ ተቆልሎ አለቃችን ሲጮህ፣ እትዬ ደህና ዘንጉን በአንሶላ ቅዳጅ ወደ ላይ ሸብ አደረገችው። አለቃችን አየ፣ ፈገግ አለ፣ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የመጣ ያስረዋል፤ አንዱ ቢፈታው ሌላው መልሶ ይቋጥረዋል።

ዓርብ ዕለት እትዬ ደህና ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ከማጠፊያው ክፍል ወደዚያ ማሽን እንደምትዛወር ተነገረ። እትዬ ልብስ መቀየሪያው ጋ ያዘችኝ።

«አንተ፣ ሰኞ ስለ ዘንጉ ልናገር ነው። ብቻዬን ካነሳሁት እኔኑ ያባርሩኛል። ሁላችንም ነን ያሰርነው ትልልኛለህ?»

«አይዞሽ እትዬ፣ አለሁልሽ» አልኳት። ከልቤ ነበር። ዓርብ ዕለት ማን ጀግና ያልሆነ አለ?

ሰኞ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃ ተነሳች። «ዘንጉ ታስሯል። ማሽኑ የልጄን እጅ ይበላዋል። መጀመሪያ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ግን ሁላችንም…» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሌላ ያሰረ አለ?» አለ አለቃችን።

የዚያን ጠዋቱን ቋጠሮ የቋጠርኩት እኔ ነበርኩ። ጫማዬን አየሁ።

«እንዲህ ያለ ግልጽነት ነው የምንፈልገው» ብሎ አለቃችን አመሰገናት። ከምሳ በኋላ የስንብት ደብዳቤዋን ሰጣት።

ዘንጉ አንድ ሳምንት ተፈትቶ ሰነበተ። ትናንት አንሶላ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ አለቃችን መጮህ ሲጀምር፣ ልጅቱ ራሷ ቅዳጅ አንስታ አሰረችው። እትዬ ከተባረረች ወዲህ ቤታቸው የሚገባው ደመወዝ የእሷ ብቻ ነው። እጇን ያዝ አድርጌ ላስቆማት አሰብኩ፤ አላደረግሁትም። በራሴ አፈርኩ፣ ማፈሬ ግን ቋጠሮ አይፈታም።

የዚያኑ ዕለት በምሳ ሰዓት እትዬ ደህና ለልጅቱ ምሳ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን በዓይኗ ከኋላዬ ልጅቱን እየፈለገች፣

«ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።