የናሷ መንኮራኩር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በመስቀል ሰሞን ነው። ወንድሜን ለማማት አልጻፍኩም ብል ማንም አያምነኝም፤ ስለዚህ አልልም። የጻፍኩት ግን ከእሱ ሌላ የሚከነክነኝ ነገር ስላለ ነው።

ወንድሜ ይልቃል በሁለት ዓመት ይከተለኛል። አዲስ አበባ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው። መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰው መመላለስ ሲጀምር ልጁን ማኅሌትን አስከትሎ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት መጣ። ስንት ዓመት ዝር ያላለው ሰው ምን አመጣው እያልኩ ሳለሁ ከመኪናው የእንጨት ሣጥን አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተው።

ሣጥኑን ወዲያው አወቅኩት። ልጆች ሳለን ግቢያችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ ፈረንጅ አስተማሪ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልን የሄደው መጫወቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ የተቀቡ፣ ከዳር እስከ ዳር የተበሱ ቀጫጭን ብረቶች፣ ጥፍር የሚያህሉ ብሎኖችና ዳዶዎች፣ አንዲት ትንሽ መፍቻ። እያጋጠሙ የፈለጉትን መሥራት ነው።

ፈረንጁ በሄደበት ክረምት ከቤት አልወጣሁም። ዝናቡ ሳያባራ ዕቃ የሚያነሳ ክሬን ሠራሁ። ክንዱ ጫፍ ላይ የናስ መንኮራኩር አለች። እኔው የፈተልኩት ክር በእሷ ላይ ይዞራል። እጀታውን ሲያሽከረክሩት ስንዴ የሞላ ጣሳ ከመሬት ይነሳል።

ይልቃል ብሎን ማጥበቅ ይሰለቸው ነበር። የወላጆች ቀን ሲደርስ ግን ክሬኑን ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሄደው እሱ ነው። ሴት ልጅ ይህን ሠራች ቢባል ማን ያምናል ብሎ ያስወሰደው አባቴ ነው። ይልቃል ተሸለመ። በዚያው ለሙያ ትምህርት ተመርጦ አዲስ አበባ ተላከ። ፎቶም ተነሳ። ፎቶው ላይ እኔ የለሁም፤ የይልቃልን ኮት ይዤ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሜ ነበር።

እናቴ የእንዝርቷ ክብ ቀንድ ተሰብሮባት ነበርና፣ መንኮራኩሯን ከክሬኑ ፈትታ እንዝርቱ ላይ ሰካችና ለእኔ ሰጠችኝ። "የሚዞር ነገር ከወደድሽ ይኸን አዙሪ" አለችኝ። በዓመቱ ከትምህርት ቤት አስወጥተው ለደምበጫ ሰው ዳሩኝ።

ይልቃል ልጅነቱ እንደናፈቀው ነገረኝ። የጎደሉትን ብሎኖች ከውጭ አገር እያስላከ አሟልቷል። የቀረችው መንኮራኩሯ ብቻ ናት። "እታለም፣ አንቺ ዘንድ አትጠፋም" አለኝ። አልጠፋችም። በዚያች ሰዓት እንኳ እንዝርቴ ጭኔ ላይ ነበር።

ከዚያ ክሬኑን እንዴት እንደሠራ ለልጁ መተረክ ጀመረ። ዝናቡን ሳይቀር፣ ጣሳውን ሳይቀር። ልጅቷ በቅን ልብ ወደ እኔ ዞራ "አባዬ ይህን ሲሠራ እርስዎ የት ነበሩ?" አለችኝ።

እኔ ግን ወደ አባቷ ዞርኩ። "መንኮራኩሯን እሰጥሃለሁ" አልኩት። "ማን እንደሠራው ለልጅህ ንገራትና ውሰድ።"

ሳቀ። "ይኸን ሁሉ ዘመን በሆድሽ ይዘሽው ነው?" አለ። ቀጥሎ ወደ ማኅሌት ዞሮ "እሷማ ብሎን ታቀብለኝ ነበር። ጎበዝ አቀባይ ነበረች" አላት።

መፍተሌን ቀጠልኩ። ለመነኝ፤ አዲስ እንዝርት ላሠራልሽ አለ፤ በመጨረሻ ተቆጣ። ምሳውን ሳይጨርስ ሣጥኑን ዘግቶ ሄደ። ዘመድ ሁሉ በዚህ ዕድሜዋ ወንድሟን ለቁራጭ ናስ አስቀየመች ብሎ አማኝ። ይማኝ።

በኅዳር ማኅሌት ደወለችልኝ። አባቷ ሌላ መንኮራኩር ገዝቶ ገጥሞ ነበር። ክሩን ግን በየት አስገብቶ በየት እንደሚያዞረው ጠፋበት። ሁለት ሳምንት ሞክሮ ጣሳው አልነሳ ሲለው ሣጥኑን አልጋ ሥር ከቶታል።

"የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ አይደል እትዬ?" አለች። "ክሩ እንዴት ነበር የሚገባው? ይንገሩኝ።"

ክሩ በታችኛው ዘንግ ላይ ሁለት ጊዜ ይጠመጠማል፤ በክንዱ ሦስተኛ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል፤ ከዚያ በመንኮራኩሯ ላይ ይዞራል። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ነገር ግን ብነግራት ለአባቷ ትነግረዋለች፤ ጣሳው ይነሳል፤ እሱም ከክሬኑ ጋር ደግሞ ፎቶ ይነሳል ብዬ አሰብኩ።

"ረስቼዋለሁ" አልኳት።

"እሺ" አለች። ድምፅዋ ወረደ። ለጤናዬ መልካም ተመኝታልኝ ስልኩን ዘጋች።

ወንድሜን በመንፈጌ አልጸጸትም፤ ቢመለስም አልሰጠውም። ያን ጥያቄ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬ፣ ከዘር ከዘመድ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። እሷንም ዋሸኋት። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ። እኔም አልደወልኩላትም።