የአንጋማ ምስክርነት

አንጋማ ሻይ ስትቀጥፍ አርጅታ ጡረታ ወጣች። በሕግ የሚገባትን የአገልግሎት ክፍያ ግን ኩባንያው «መጀመሪያ የምትኖሪበትን የሠራተኛ ክፍል ልቀቂ» እያለ ያዘባት። ብትለቅ መውደቂያ የላትም፤ ገንዘቡን ካላገኘች ደግሞ ሃተን ከተማ ዳር ያየቻትን ቁራሽ መሬት አትገዛም። እናቷም፣ ባሏም፣ በሕፃንነቱ የሞተባት ልጇም የተቀበሩት በኩባንያው አፈር፣ ከሻይ ቁጥቋጦው ሥር ነው። የእሷ ምኞት ማንም «ውጪ» በማይላት መሬት ላይ መሞት ብቻ ነበር።

የሠራተኛ ጉዳይ መርማሪው አቶ ሩፓሲንጌ የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ከሰሱላት። ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አስኪያጁን «ዶራይ»፣ ማለትም «ጌታ»፣ እያለ ነው የሚጠራው።

«አልከፈሉኝም ይበሉ፣ እማማ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሏት።

ጎረቤቷ ሴቫንቲ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ዶራይን? ፊት ለፊት? አንቺ?»

«ምን አነሰኝ? ምላስ የለኝም?»

«ከኔ ጋር ስትጣዪማ መጋዝ ነው! ዶራይ ሲመጡ ነው እንጂ የሚጠፋው።»

በእርሻው ወግ፣ ዶራይ ሲያልፍ ሴቶቹ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ይወርዳሉ። አቤቱታ ያላት ሴት በቅድሚያ «በዶራይ ጥላ የጎደለብን የለም» ትላለች። ዶራይ ራሱን ከነቀነቀ ችግሯን ትናገራለች፤ ካልነቀነቀ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ይህን ልጅ አፍ ሲፈታ ይማረዋል።

በችሎቱ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከተከሳሽ ሳጥን ቆመ። ዳኛው ጠየቁ፤ አስተርጓሚው ወደ ቋንቋዋ፣ ወደ ታሚል መለሰው፦ «ይህ ሰው የአገልግሎት ክፍያሽን ሰጥቶሻል?»

አንጋማ ሻሿን አወረደች። ከምስክር መቆሚያውም ወርዳ ወለሉ ላይ ቆመች።

«በዶራይ ጥላ የጎደለብን የለም» አለች።

አስተርጓሚው እንዳለ አቀረበው። አቶ ሩፓሲንጌ ተነሡ። «እማማ፣ ገንዘቡን ነው የተጠየቁት! አገኙ ወይስ አላገኙም?»

«አልሰጡኝም» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ነበር። እሷ ግን ዶራይን ትመለከት ነበር፤ ራሱን እንዲነቀንቅ ትጠብቃለች። ሰውየውም ወጉን ያውቃል። ዐይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሕግ ጌታን አምጥቶ ከተከሳሽ ሳጥን ሊያቆመው ይችላል። ሎሌውን ከቦዩ ማውጣት የማን ሥራ እንደሆነ ግን እስካሁን የወሰነ የለም። ዳኛው ደግመው ጠየቁ፤ ከዚያ ተከሳሹን በነፃ አሰናበቱ።

«ለምን ዝም አሉ?» አሏት አቶ ሩፓሲንጌ በረንዳው ላይ።

«አልፈቀዱልኝማ፣ ጌታዬ።»

ለየራሳቸው ክስ ሊመሰክሩ ተራ ይጠብቁ የነበሩት አሮጊቶች ጃንጥላቸውን አንሥተው ወደ አውቶቡሱ እየሄዱ ነበር።

ዶራይ ከመኪናው ሆኖ አስጠራት። ደስ ብሎት ነበር። «ክፍሉን እስክትሞቺ ተቀመጪበት። ማንም አይነካሽም፤ ስለ ገንዘቡ ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

አንጋማ እጆቿን አጋጥማ አመሰገነች። ያመሰገነችውም ከልቧ ነበር፤ ከሁሉ የሚከፋው ይሄ ነው።

ማታ ሴቫንቲ ከደጅ ጠበቀቻት። «እህሳ፣ እትዬ?»

«ክፍሉን ሰጡኝ።»

«መሬትሽስ?»

አንጋማ ጭቃውን ከእግሯ ትጠርግ ነበር። ቀና ሳትል፣ «የምን መሬት?» አለች።